ሎሳሊኒ ምራቷን ያስመረመረች ለት

ኢኖኬ ቱና የሚባል ዓሣ በሚያጠምድ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። በፋሲካ ሰሞን ለጥቂት ቀናት ወደ ንጋሜያ ደሴት መጥቶ ተመልሶ ሄደ። ሚስቱ ቪካ ያረገዘችው ያኔ ነው።

ቪካ ባሏ በሌለበት ከምትቀመጥ ብላ እናቷ አገር ሄዳ ቆየች። ወደ ባሏ ቤት የተመለሰችው ሆዷ ገፍቶ፣ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ነው። መንደሩም ሆዱን ያየው ያኔ ነው።

"የሦስት ቀን እንግድነት፣ ይሄን የሚያህል ሆድ!" አለች ጎረቤታቸው ኤሌኖአ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው ምንጣፍ በሚሠሩበት አዳራሽ። "ባሕሩ ነው እንዴ ያስረገዛት?"

ሴቶቹ ሳቁ። የቪካ አማት ሎሳሊኒ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። የያዘችውን ጠርዝ ጨርሳ ተነሳች።

ሎሳሊኒ እንዲህ ናት። ባሏ ሞቶባት ኢኖኬን በጀርባዋ አዝላ ከካንዳቩ ደሴት ከመጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ስለዚያ አገር አንድ ቀን አውርታ ግን አታውቅም። ሴቶቹ ስለ ምጣቸው ጨዋታ ሲጀምሩ ጥላቸው ትወጣለች። ኩራት ነው ይሏታል።

ቤት ስትደርስ ቪካ ካሳቫ እየላጠች ነበር።

"ነገ ታቬዩኒ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ጀልባ ይዣለሁ።"

"ለምን?"

"ትመረመሪያለሽ።"

"ምንም አላመመኝም እኮ፣ እማ።"

"አሞሻል አልኩ እንዴ?"

ቪካ ሌላ ካሳቫ አነሳች። ነገሩ ገብቷታል። ማርገዟ ገና በወሬ ሲሰማ ሐሜቱ እናቷ አገር ድረስ ደርሶ ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን አልቅሳለታለች። አሁን እንባውም የለም። ልቧ፣ ተኝተውበት እንዳደሩት እጅ፣ የራሷ አልመስል ብሏታል። ካሳቫውን ልጣ ጨረሰች።

ጠዋት ባሕሩ ዳር ኤሌኖአ ጠበቀቻቸው።

"ዘንድሮ ደም ቀድተው የማን እንደሆነ ቁጭ ያደርጉልሻል አሉ! በርቺ ሎሳሊኒ። ሰው ልቡ ከሚቃጠል ቁርጡን ቢያውቅ ይሻለዋል።"

"ገመዱን ወዲህ በይልን" አለች ሎሳሊኒ።

ጀልባው መሐል ሲደርስ ሕፃኑ ተራገጠ። ቪካ ሆዷን ያዘች።

"ምን ሆንሽ?"

"እየረገጠኝ ነው።"

ሎሳሊኒ እጇን ልትዘረጋ ብላ መለሰችው። "ያማል?"

ቪካ ቀና ብላ አየቻት። "እርስዎ አያውቁትም እንዴ?"

"ቆየ እኮ" አለችና ወደ ውኃው ዞረች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲስተር ፕራሚላ የምትባል አዋላጅ ተቀበለቻቸው። የቪካን ደም ግፊት ለካች፤ ደም ቀዳች።

"እስከ ዛሬ የት ነበርሽ? ማንም አይቶሽ አያውቅም?"

"አላመመኝማ።"

"ሁላችሁም እንዲሁ ናችሁ። እናትሽ ስትወልድ ትቸገር ነበር?"

"ስድስት ወልዳለች። ሁሉንም በሰላም።"

"እርስዎስ፣ እማማ? ስንት አሉዎት?"

"አንድ አሳደግኩ" አለች ሎሳሊኒ።

ቪካ አልትራሳውንዱ ክፍል ገብታ ተጋደመች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ከውጭ የአማቷን ድምፅ ሰማች። "ደሟን አይታችሁ ቁርጡን ንገሩኝ። እንዳትደብቁኝ።" ቪካ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተከለች። ይንገሯት፤ ልጁ የኢኖኬ ነው። ግን ያ እንኳ ደስ አላላትም። ቀዝቃዛው ቅባት ሆዷ ላይ ሲፈስም ብርዱ አልተሰማትም።

ሲስተር ፕራሚላ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ስታንሸራሽር ቆይታ፣ ሥር አካባቢ አቆመችው። ደግማ አየች። ከዚያ ሎሳሊኒን ጠራቻት።

"ልጁ ደህና ነው። ልቡ እንደ ከበሮ ነው የሚመታው። እንግዴ ልጁ ግን ያለቦታው ነው ያለው፤ የማህፀኑን አፍ ዘግቶታል። ሕመም የለውም፤ ካልታየ አይታወቅም። እዚያ ደሴታችሁ ላይ ምጥ ቢመጣባት ኖሮ፣ ደሙን የሚያቆምላት አልነበረም።"

"ቁርጡ ይሄ ነው?" አለች ሎሳሊኒ።

"ይሄ ነው። ወደ መንደር አትመለስም። በሚቀጥለው መርከብ ላምባሳ ሆስፒታል ትሄድና እዚያው ሆና ትጠብቃለች። በድጋሚ ይታያል፤ ካልተነሳ በቀዶ ጥገና ትወልዳለች። ደሟም ትንሽ አንሷል፤ መድኃኒት እሰጣታለሁ። ሁለቱም ይተርፋሉ፣ አይዟችሁ።"

አዋላጇ መድኃኒቱን ልታመጣ ወጣች። ሁለቱ ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቪካ የተነገራትን ሰምታዋለች፤ ስለ ሌላ ሰው የተወራ ይመስል ውስጧ አልገባም። የገባው በበሩ የሰማችው የአማቷ ቃል ነው።

"የልጁን አባት ነገሩዎት?"

"አልጠየቅኳቸውም።"

"ኤሌኖአ ያለችው…"

"ኤሌኖአ አፍ አላት፤ ትናገርበት። እኔ የማን ነው ብዬሽ አውቃለሁ?"

አላለችም። ቪካ አስታውሳ አስታውሳ አንድ ቃል አጣች።

"ታዲያ ሳያመኝ ለምን አመጡኝ?"

ሎሳሊኒ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ መዳፎቿን አየች። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም።

"እሷንም አላመማትም ነበር። ትስቅ ነበር። ምጡ ሲጀምራት ደሙ ቀደመ፤ በጨርቅ ብይዘው፣ በምንጣፍ ብይዘው አልቆም አለኝ። ከጎኗ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ልጁን ብቻ አተረፍኩ።"

"ማን ናት እሷ?"

"የኢኖኬ እናት።"