ሦስት ቀን ጨለማ

«ፀሐይ ወጥታለች» ይላሉ ጋሽ ሽመክት፣ ከተቀመጡበት ተነስተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው። ይህን የሚያውጁት ድሬዳዋ ላይ ነው። ሁላችንም እንደ ትልቅ ዜና አንገታችንን እንነቀንቃለን።

የመጣነው ለመርዶ ነው። ከዚራ፣ ጋሽ ወልደጻድቅ ቤት፣ በማለዳ። የአዋጁ ቀሪ ክፍል «ልጅሽ ፍቅረ ማርያም አርፏል» የሚል ነበር። ጋሽ ሽመክት ግን ፀሐይዋ ላይ ቆመው ቀሩ። ተመልሰው ይቀመጣሉ።

«በጠዋት ምን እግር ጣላችሁ?» ይላሉ እናትየው፣ እትዬ ዘነበች።

«አቦ፣ እንዲሁ ነው። በዚያው ስናልፍ» ትላለች ጎረቤታቸው ኑርሀን። ሦስት ሰው በዚህ ማለዳ ወዴት ሲሄድ በዚያው እንደሚያልፍ እትዬ አይጠይቁም።

ልጁ ሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ሠልጥኖ የዘመተ ነው። ሞቱን ጓደኛው ለአባትየው ካረዳ ሁለት ወር ሆነው፤ የእጅ ሰዓቱንም ያን ጊዜ ነው ያመጣው። ጋሽ ወልደጻድቅ ሰዓቱን በጋቢ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ደበቁት። «ፋሲካ ይለፍ» አሉ፤ አለፈ። «ግፊቷ ይውረድ» አሉ። እስከዚያው «ኔትወርክ እምቢ ብሎት ነው እንጂ ሰላም ብሎሻል» ይሏቸዋል። እሳቸውም «ተመስገን» ይላሉ።

ሰዓቱን ለልጁ የሸጥኩለት እኔ ነኝ፤ ነጅሙዲን፣ የመጋላው ሰዓት ሠሪ። ባትሪ አይገዛለትም፣ ብርሃን ነው ቀለቡ። እንዳረጀ አልደበቅኩትም፤ ሦስት ቀን ጨለማ ካደረ ይቆማል አልኩት።

«ጋሽ ነጅሙ፣ ድሬ ላይ ጨለማ ከየት ይመጣል?» ብሎ ሳቀብኝ።

ትናንት የመከርነው እንዲህ ነው፦ አፋችን እምቢ ካለን የቆመው ሰዓት ይውጣ፤ እናት ናት፣ ስታየው ይገባታል። «ቆሟል አይደል?» ብለው ጋሽ ወልደጻድቅ ጠየቁኝ። «ሁለት ወር ሣጥን ውስጥ? ወላሂ ሞቷል» አልኩ። ከዚያ ምላሴን ነከስኩ።

«ለጰራቅሊጦስ እመጣለሁ ብሏል» ይላሉ እትዬ ዘነበች፣ ባላቸውን እያዩ። «አይደል እንዴ?»

ጋሽ ወልደጻድቅ ተንበርክከው ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ይጎትታሉ፣ ጋቢውን ይፈታሉ። ሰዓቱ መዳፋቸው ላይ ነው።

የሰከንድ ቆጣሪው ይሄዳል።

የራሴን አያለሁ፦ ለአንድ ሃያ ጉዳይ። የእሱም ለአንድ ሃያ ጉዳይ። ጋሽ ወልደጻድቅ የተበላሸ ዕቃ እንደሸጥኩባቸው አፍጥጠው ያዩኛል። ኑርሀን አፏን በሻሿ ትይዛለች።

እትዬ ዘነበች ተነስተው ሰዓቱን ከባላቸው እጅ ይወስዳሉ። መስኮቱ ላይ የተሰጣውን በርበሬ በጣታቸው ገለጥ አድርገው፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ ያስተኙታል። እጃቸው ቦታውን ያውቀዋል።

«አንተ ኪዳን ስትሄድ አወጣዋለሁ» ይላሉ፣ ዞር ሳይሉ። «ሳትመጣ እመልሰዋለሁ።»

ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ቀስ ብለው፣ ዘቅዝቀው ይለብሱታል።