የገረመው ረሃብ

በዚያ ዘመን ሆዱን በቀዶ ጥገና ያስቀነሰ ሰው ረሃቡን የትም መጣል አይፈቀድለትም ነበር፤ የሚረከበው ሰው ይዞ መምጣት ነበረበት። የገረመውን ረሃብ የተረከበችው ሚስቱ ሸዋረጋ ናት።

ረሃብ ሲባል ዝም ብሎ ረሃብ እንዳይመስላችሁ! ገረመው ሠርግ ቤት ብቅ ሲል ሙሽሮቹ ሳይቀሩ ሳህናቸውን አቅፈው ይሸሹ ነበር።

ዛሬ ሾርባውን በሻይ ማንኪያ እየጨለፈ፣ የእሱን የድሮ ቀበቶ የታጠቀች ሚስቱ የዶሮ ወጡን ድስት ስትጠርግ ያያል። ሆዱ ምንም አላለም፤ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ።

«ሸዋዬ፣ ተጸጽቻለሁ። ረሃቤን መልሺልኝ፤ ሐኪሙ መመለስ የሚቻለው እስከ ነገ ብቻ ነው ብሏል።»

«ኧረ ወዲያ! የእጄ ሙያ ገና አሁን ጣመኝ። ደግሞ ትናንት ደረጃውን ሳታለከልክ የወጣኸውን ረሳኸው?»

ፊቱ ሲጠቁር ግን አንጀቷ አልቻለም። ምስር የምታክል ጉርሻ ጠቀለለችለት። «በሞቴ! ቀስ ብለህ አኝክ።»

አኘከ፤ አኘከ። ዓይኑ ፈጠጠ። «ኮረሪማ ታደርጊበታለሽ እንዴ?»

«ከተጋባን ጀምሮ! አንተ ስትውጥ እንጂ ስታኝክ መች አየሁህ?» ሳቋን ለቀቀችው። «እና ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ?»

ገረመው ገና እያኘከ ስለነበር በእጁ ቆዪ አላት።