ከውጭ የሚዘጋ በር

የፋብሪካው አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ የሚሳፈር ግን የለም። ሰማያዊ ጋዋን የለበሱት ሴቶች ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተደርድረው የጫማቸውን ጫፍ ይመለከታሉ። ሞንጂያ ከፊታቸው ቆማለች። ትናንት ማታ በጓደኛዋ በነጅዋ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቃል የገባችው እሷ ናት፤ ነገ ከዚህ ሰፈር አንዲትም ሴት አትሳፈርም ብላ።

ነጅዋን ያባረሯት ቀኝ እጇ እምቢ ስላላት ነው። ለባዕድ አገር መኪኖች በሚሄድ የሽቦ ጥቅል ላይ ጥቁር ፕላስተር ሲጠመጥም የኖረ የእጅ አንጓ፣ አንድ ጠዋት ማንኪያ ማንሳት ተሳነው። ፋብሪካው አመስግኖ አሰናበታት።

«ግቡ እንጂ ልጆቼ» ይላሉ ሹፌሩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ አሚ ሳዶክ፣ አጎቴ ሳዶክ ይላቸዋል። «ሞተሩን ካጠፋሁት አይነሳልኝም። እኔንም አብራችሁ ልታስባርሩኝ ነው?»

«ዛሬ አንሄድም፣ አሚ። መጀመሪያ ነጅዋን ይመልሱ።»

«ይህን ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ የጨበጥኩት መሪ ነው፤ ፋብሪካውን አልጨበጥኩ።»

«መሪውንም ቢሆን ደህና አድርገው አልጨበጡትም» ትላለች ሐያት ከመደዳው መሃል። «ትናንት ድልድዩ ላይ ሁላችንም ጸሎታችንን አድርሰናል።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ሞንጂያም ትስቃለች፤ እየሳቁ የቆሙ ሰዎች አይበተኑም ብላ ታስባለች።

ሳቁን የሚያስቆመው ዳቦ ጋጋሪው ነው። ዱቄት የነካውን እጁን በሽርጡ እየጠረገ ብቅ ይላል። «ምድጃዬን የማነደው በናንተ ሰዓት ነው። ካልሄዳችሁ ይህን ሁሉ ዳቦ ማን ይበላልኛል? ጣሪያ ላይ ያሉት ሽመላዎች?»

በዚህች ከተማ የሚነጋው የፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮህ ነው። ሰርግ ሁሉ በነሐሴ ይደገሳል፤ ፋብሪካው ለዕረፍት የሚዘጋው በዚያ ወር ብቻ ነውና። ሞንጂያን ሊያጩ የመጡት ሽማግሌዎች እንኳ አስቀድመው የጠየቁት ስለ ጠባይዋ ሳይሆን ስለ ፈረቃዋ ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ ካፌው በረንዳ ላይ፣ መሬታቸው ማብላት ያቆመ ወንዶች ሴት ልጆቻቸው በሚያመጡት ደመወዝ አንድ ስኒ ቡና ይዘው ይውላሉ። አባቷም ከመካከላቸው ናቸው። ቀና ብለው ያዩዋትና ወደያዙት የመጫወቻ ካርታ ይመለሳሉ።

«ፋብሪካውን ነቅለው ሌላ አገር ይሂዱላችሁ» ይላል አንዱ ከበረንዳው፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «ያን ጊዜ ነጅዋ በደህናው እጇ ታጎርሰናለች።»

ሐያት ከመደዳው ትወጣለች። «የእናቴ የኩላሊት እጥበት ነገ ነው» ትላለች፤ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። «የምትታጠበው በፋብሪካው የሕክምና ካርድ ነው።» ሞንጂያን ሳታይ አልፋት ትሳፈራለች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀላል ይሆናል። አንዷ ትከተላለች፤ ሌላዋ ጓንቴን ረሳሁ ብላ ቦርሳዋን እየበረበረች ትገባለች፤ የቀሩት ምክንያት መስጠቱንም ይተዉታል። በዚህ አውቶቡስ ውስጥ እያንዳንዷ የራሷ ወንበር አላት፤ የሌላዋን የምትነካ የለችም። ከኋላው በር አጠገብ ያለው የነጅዋ ቦታ ባዶውን ነው። መቀመጫ ያጡት ሁለት አዲሶች እንኳ መተላለፊያው ላይ ቆመዋል። ሐያት በመስኮቱ ባዶውን ወንበር ለሞንጂያ በጣቷ ታሳያታለች፤ ይኸው፣ አልከዳናትም እንደማለት።

ሞንጂያ ብቻዋን ቀርታለች። አሁንም እንደቆመች ናት።

ያን ጊዜ ነጅዋ ከጠባቡ መንገድ እየሮጠች ትመጣለች፤ በፋሻ የተጠቀለለውን እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች። ቃሉ መጠበቁን ልታይ ነው የመጣችው፤ ሞንጂያ እንዲህ ታስብና ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ቢያንስ አንድ ሰው ቆሞ ታገኛለች።

«አሚ ሳዶክ፣ አንዴ ይጠብቁ» ትላለች ነጅዋ እያለከለከች። «አንድ ሰው ይቀራል።»

ከኋላዋ ታናሽ እህቷ ሲሃም አለች። የለበሰችው የነጅዋን ጋዋን ነው፤ እጅጌው ረዝሞባት ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«ነጅዋ» ትላለች ሞንጂያ።

«ትናንት አንቺ ከወጣሽ በኋላ ከፋብሪካው መጡ።» ነጅዋ የምታየው የእህቷን የጋዋን ቁልፍ ነው፤ በአንድ እጇ ልትቆልፈው ትታገላለች። «አፌን ከያዝኩ እሷን ያስገቧታል።»

«እኔ እኮ አልተሳፈርኩም።»

«አይቻለሁ።» ቁልፉ በመጨረሻ ይገባላታል። «አሁን ግቢ በቃ፣ እህቴ። ይቺን ልጅ መኪና ያጥወለውላታል። በመስኮት በኩል አስቀምጫት፤ የኔ ቦታ መስኮት አለው።»

ሞንጂያ የልጅቷን እጅ ይዛ በኋላው በር ትገባለች። መተላለፊያው ላይ የቆሙት ገለል ይላሉ። ሲሃም ወንበሩ ላይ ትቀመጥና ጋዋኗን ከጉልበቷ በታች ትስባለች።

የኋላው በር አሮጌ ነው፤ ከውጭ የሚገፋው ሰው ካላገኘ አይዘጋም። ሁልጊዜ የሚገፋው ዳቦ ጋጋሪው ነበር፤ እሱ ግን ወደ ምድጃው ተመልሷል። ነጅዋ ግራ እጇን መስታወቱ ላይ ታሳርፍና በትከሻዋ ጭምር ትገፋዋለች። በሩ ይዘጋል፤ አውቶቡሱ ይነሳል።

አቧራ በጠገበው መስታወት ላይ አምስት ጣት ታትሞ ቀርቷል። ሞንጂያ በእጅጌዋ ትጠርገዋለች፣ ደግማ ትጠርገዋለች፤ ያለው ግን በውጭ በኩል ነው።