ክንዴ እንዳይከዳኝ

ደምሰው ያን ቀን ጠዋት ከአልጋው መውረድ አስጠልቶት ነበር። ውጭ ይዘንባል፤ ጉልበቱን ይቆረጥመዋል። እንደምንም ተነሥቶ ሰፈር ውስጥ ካለው ጂም ሄደና ብረቱን ማንሳት ጀመረ። ከወጣቶቹ መሀል ከሰላምታ ያለፈ የሚያወራው አልነበረም።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ለምን ይለፋሉ?» አለው አሠልጣኙ።

«ክንዴ እንዳይከዳኝ ነው» ብሎ ብረቱን እንደገና አነሣ።

ቤቱ ሲመለስ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር። መራመድ ካቃታት የሰነበተችውን ሚስቱን ከአልጋዋ አቅፎ አነሣትና በረንዳው ላይ ካለው ወንበር በቀስታ አስቀመጣት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሲያስተካክልላት ፊቱን ትኩር ብላ አየችው።

«እግዜር ይስጥህ» አለችው። «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»