ሚስማር የሌለው ሳጥን

ሰውየው ጡረታ ሲወጣ በእንጨት ሥራ ፍቅር አበደ። መጋዙን መጀመሪያ ያሳረፈው ሚስቱ ስትዳር ይዛው በመጣችው የዋንዛ ሳጥን ላይ ነበር።

«በሚስማር የተመታ ምኑን ሳጥን ሆነ?» አላት እያፈራረሰው። «ያለ አንዲት ሚስማር፣ እንደ ጣት እርስ በርሱ ተቆላልፎ የሚይዝ እሠራልሻለሁ።»

ዓመታት አለፉ። የሴትዮዋ ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ቀረ። እሱ እንደሆነ፣ መገጣጠሚያው ላይ ቅንጣት ብርሃን ያሳለፈበትን አዲስ ሳጥን ሁሉ እየፈለጠ ማገዶ ያደርገዋል።

«ኧረ ቢሸነቆርም ግድ የለኝም፣ ልብሴን ላስገባበት» ስትለው፣ ከመሮው ቀና እንኳ ሳይል፣ «ትንሽ ታገሺ አልታዬ» ይላታል።

ዛሬ ጠዋት ተሳካለት። መገጣጠሚያው ፀጉር አያሳልፍም። ሚስቱ በጣቷ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው፤ «እጅህ ይባረክ» አለችና ልብሷን አንድ ሳታስቀር አጣጥፋ እስከ አፍ ገደፉ ሞላችው። የሰውየው ደስታ ልክ አጣ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ከሹፌር ጋር ፒካፕ ይዞ መጣ።

«እስኪያልቅ ነበር የጠበቅኩት» አለችው ባሏን፣ ጫማዋን እያሰረች። «በሳጥን የመጣሁ ሰው በከረጢት አልወጣም።»

ሁለቱ ሰዎች ሳጥኑን አንስተው በሩ ጋ ሲደርሱ፣ ሰውየው ከኋላቸው እየሮጠ ጮኸ።

«ኧረ ቀስ! ከሥሩ ደግፉት፣ መገጣጠሚያው እንዳይላላ!»