የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅ

መርከቡ ከስቶክሆልም ወደብ ገና እንደተነሳ አስተናጋጇ የልጅቷን መታወቂያ አየችና ወይኑን ከፊቷ አነሳች። «አሥራ ስድስት ነሽ። አሥራ ስምንት ላልሞላው አንሸጥም።»

«አባዬ፣ ንገራት እንጂ! ዛሬ አሥራ ስምንት ሞላኝ አይደል? የተሳሳቱት መዝጋቢዎቹ ናቸው።»

አባትየው ዓመታት ሙሉ እንደዚያ ብሎ ነበር የነገራት። ካርቱም ላይ የስደተኛ ቅጽ ሲሞላ ግን የልደት ቀኑን የገለበጠው ከሌላ የክትባት ካርድ ላይ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ከቀበራት ከታናሽ እህቷ ካርድ።

አስተናጋጇ በወይኑ ፋንታ የብርቱካን ጭማቂ አምጥታ አስቀመጠች። ልጅቷ አኩርፋ ብርጭቆውን ወደ አባቷ ገፋችው። እሱም ሳይቀምሰው በሁለት እጁ አነሳና፣ ማንም ባልተቀመጠበት ወንበር ፊት ቀስ አድርጎ አኖረው።