የኔታ ፊልም ሲያዩ ለምን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ?

«የኔታ! ተኝተው ነው እንዴ ፊልም የሚያዩት?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ...

የኔታ ገብረ ሚካኤል ግን ዓይናቸውን አልገለጡም።

«አንተ ምንይችል፣ አፍህን ትተህ ሻይህን ቅዳ» አሉኝ።

እኔ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ሻይ ቤት ያለኝ አጎታችሁ ነኝ። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ እኔ አልተውኩትም፣ እሱ ነው የተወኝ። ስለዚህ ፊደል ብሳሳት አርፋችሁ አንብቡ!

አስራ አንድ ሰዓት ሲል ቤቴ በተማሪ ጢም ይላል።

«ባለ ጭምብሉ» የሚባል ተከታታይ ድራማ አለ... ከፈረንጅ የስዕል መጽሐፍ የወጣ ጀግና ነው አሉ።

ፊቱን ሸፍኖ ከፎቅ ፎቅ ይዘላል፣ ያገሩን ሰው ሁሉ ያድናል፣ የገዛ አባቱ እንኳ ማን እንደሆነ አያውቅም።

የምናየው በአማርኛ ተተርጉሞ ነው።

የኔታ ደግሞ ቄስም የዜማ መምህርም ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ።

ታዲያ እኒህ ሰውዬ ከዚያ ሁሉ ጎረምሳ ጋር ምን ያደርጋሉ?

ይመጣሉ... ስፒከሩ ሥር ይቀመጣሉ... ዓይናቸውን ይጨፍናሉ... አለቀ!

ሻያቸው እንደተቀዳ ይቀዘቅዛል።

ባለ ጭምብሉ ሲናገር ብቻ መቋሚያቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ። አንድ ቀን ደግሞ ድንገት «እዚህ ጋ ትንፋሽ መውሰድ አልነበረበትም» ብለው ሳቅ ሊገድለን ነበር።

«የኔታ፣ ጀግናውን ድጓ ሊያስተምሩት ነው?» አልኳቸው።

አንድ ልጅ አላቸው፣ አዲስ አበባ ነው፣ ስልክ እንኳ አይደውልላቸውም ይባላል። እኔም ሻይ እየቀዳሁ ያንን ውለታ ቢስ ስረግመው ነው የምውለው።

አንድ ቀን ሐምዛ የሚባል ተማሪ እየሮጠ ገባ።

«አያ ምንይችል! ትርጉሙ ያበላሸዋል። ኦርጅናሉን በፍላሽ አምጥቻለሁ!»

ቤቱ አጨበጨበ። ፍላሹ ተሰካ። ባለ ጭምብሉ አፉን ከፈተ... በእንግሊዝኛ!

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ።

ብድግ ሲሉ መቋሚያቸው ወደቀ።

«ልጄን የት አደረሳችሁት?!»

አንዱ ሳቀ። እኔም ልተርባቸው አፌን ከፍቼ... ስፒከሩን በእጃቸው ሲዳብሱ አየሁና ዘጋሁት።

«የቱን ልጅ የኔታ?»

«ያንን በአማርኛ የሚናገረውን... የልጄ የልዑልቃል ድምፅ እኮ ነው። በዚህ በኩል ሳልፍ ከደጅ ሰምቼው ነው መምጣት የጀመርኩት። መልሱልኝ...»

ሐምዛ ፍላሹን ነቀለው።

«ዜማ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ድምፁ ሸጋ ነበር» አሉ የኔታ። «ቲያትር እሠራለሁ ብሎ ሲነሳ ንድድ አለኝ። "ሁለተኛ ድምፅህን እንዳታሰማኝ፣ ገዝቼሃለሁ!" አልኩት።»

«መገዘት ማለት?» አለ ሐምዛ።

«ቄስ ከገዘተህ የከለከለህን አታደርግም» አልኩት። «ያው የገዘተህ ሰው እስኪፈታህ ድረስ ታስረሃል።»

የኔታ ቀጠሉ።

«እናቱ የተቀበረች ቀን መጥቶ ነበር... ጥግ ላይ ቆሞ አለቀሰ። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። ንቀት መሰለኝና ተቀየምኩት። ይሄው ደውሎ ይቅርታ ይለኛል ብዬ ስልኬን ታቅፌ እጠብቃለሁ።»

«በምን አፉ ይበልዎት የኔታ? አፉን እርስዎ ቆልፈውት!»

መቼም የኔ ነገር... አፌ አያርፍም።

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ።

«ለካ... እሱ ግዝቴን አላፈረሰም» አሉ በቀስታ። «ለካ እስካሁን እየታዘዘኝ ነው።»

ሐምዛ ስልኩን አወጣ። ቴሌግራም ላይ የድራማውን ተርጓሚዎች ፈለገ፣ ጠየቀ፣ ቁጥሩን አገኘ፣ ደወለ።

«ሃሎ፣ ልዑልቃል ነህ? ከጎንደር ነው። አባትህ አጠገቤ አሉ፣ ላገናኝህ።»

ላውድ ላይ አድርጎ ለየኔታ ሰጣቸው።

«ሃሎ» አሉ የኔታ።

ዝም...

«ልዑልቃል?»

ዝም...

«ኔትወርክ ነው» አለ አንዱ። «ዘጋባቸው» አለ ሌላው።

«አልዘጋም» አሉ የኔታ። «ትንፋሹን እሰማዋለሁ።»

ከዚያ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ልክ ሰው ፊታቸው እንደተንበረከከ ጎንበስ ብለው...

«ልጄ... ፈትቼሃለሁ። እግዚአብሔር ይፍታህ። እኔንም ይፍታኝ።»

መጀመሪያ ሳግ መጣ።

ቀጥሎ ያ ስንቱን ከተማ ሲያድን የምናውቀው ድምፅ እንደ ሕፃን ተንቀጠቀጠ።

«አባየ...»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን ባለ ጭምብሉን ያየው የለም። ሁላችንም መሬት መሬት ነበር የምናየው።

ልዑልቃል ገና አልመጣም። መንገዱ ሰላም ሲሆን እመጣለሁ ብሏል።

የኔታ አሁንም አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ስፒከሩ ሥር ይቀመጣሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ተራቢው አጎታችሁ ያን ጊዜ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምርላቸዋል እንጂ ትንፍሽ አይልም።

የወንድሜ የእህቴ ልጆች... «አይደውልልኝም» ብላችሁ ሰው ከማማታችሁ በፊት፣ አፉን ማን እንደቆለፈው ጠይቁ። ቁልፉ የናንተው ኪስ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ዝምታ ንቀት አይደለም፣ መታዘዝ ነው።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተስ «ድምፅህን እንዳልሰማ» ያላችሁት ማንን ነው? ዛሬ ድምፁ ቢናፍቃችሁ ቀድማችሁ ትደውላላችሁ ወይስ ስልክ ታቅፋችሁ ትጠብቃላችሁ?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። የሚተርብ ካለ ግን ሻይ አይቀዳለትም!